እናት መቼ ታነባለች?

በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



የሒሳብ ሪፖርታችን ጠዋት ቀርቦ ጸድቋል፤ ስለዚህ አሁን የቁጠባም የብድርም ነገር አናነሣም። እኛ የሒሳብ ሰዎች ለመናገር ስንነሣ ብዙዎቻችሁ ያልከፈላችሁት መዋጮ ትዝ እንደሚላችሁ እናውቃለን። ዛሬ ማንንም አንጠይቅም። እንድንናገር የተፈቀደልን ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ፊልምና ስለ ቴሌቪዥን ነው፤ ልጅ የምታሳድግ ሴት ከእነዚህ ደስታ የምታገኘው መቼና እንዴት ነው በሚለው ላይ። «ይህ ደግሞ ከራስ አገዝ ማኅበር ጋር ምን ያገናኘዋል?» የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡን።

ነገሩ የተነሣው በአንድ ሳምንታዊ ስብሰባችን ላይ ነው። ከመካከላችን አንዷ የቁጠባ ደብተሯን ለማውጣት ፌስታሏን ስትፈትሽ አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ መሬት ላይ ወደቀ። «ታድለሽ! የልጆች እናት ሆነሽ ልብ ወለድ?» አልናት፤ ሳቅንም። እሷም ቶሎ አንሥታ «የልጄ ነው፤ ትምህርት ቤት አዘውት ነው» አለችን። ከሳምንት በኋላ ቡና ላይ እውነቱን ነገረችን፤ መጽሐፉ የራሷ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ የታክሲ ሰልፍ ላይ ስታነበው ቆይታለች። ቤት ውስጥ የምታስቀምጠው ከሽሮው ዕቃ ጀርባ ነው። ይህች ሴት ውሸት የማታውቅ ናት፤ ገንዘብ ያዥ አድርገን ስንመርጣት አንድም ተቃውሞ አልነበረም። በሺህ የሚቆጠር ብር አምነን የምንሰጣት ሴት ስለ አንድ መጽሐፍ ዋሸችን። ያስዋሻትም የእኛው ሳቅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተነጋገርን። ልብስ ስናጥብ፣ ሽንኩርት ስንከትፍ፣ የልጅ የቤት ሥራ ስናይ ያገኘን ሰው ምንም አይለንም። መጽሐፍ ይዘን ከተቀመጥን ግን «ሥራ ፈታሽ እንዴ?» ይመጣል። የሚጠይቀው ባል ብቻ አይደለም። አማት ትጠይቃለች፣ ጎረቤት ትጠይቃለች፣ ከሁሉም ቀድመን ደግሞ እኛው ራሳችንን እንጠይቃለን። ልብሱ ታጥቦ ካላለቀ፣ ሊጡ ካልተቦካ መጽሐፍ መግለጥ የሚገባን አይመስለንም። ልብስ ደግሞ ልጅ ባለበት ቤት አያልቅም።

እናቶቻችንስ እንዴት ነበሩ? የብዙዎቻችን እናቶች ፊደል አልቆጠሩም። ሆኖም በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤት ልጆች ያውቋቸዋል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ኋላ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ማንበብ ያልቻለው ሁሉ መጽሐፉን በጆሮው አነበበው። እናቶቻችን ምስር እየለቀሙ፣ ጥጥ እየፈተሉ ሰሙት። ትረካው ሲጀመር ሙቀጫው ይቆም ነበር፤ ቡና የምትወቅጥ ሴት ብትኖር «እባክሽ ቆይ!» ትባላለች ብለው ይነግሩናል። ጎረቤቱ ባንድ ሬዲዮ ዙሪያ ይሰበሰባል፤ በማግስቱም ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ክፋት ሲነጋገሩ ይውላሉ። ሥራ ፈቱ ያላቸው የለም፤ እጃቸው ሥራ ላይ ነበርና።

እኛ ልጆች ሳለን ደግሞ ተራው የቴሌቪዥን ሆነ። በሰፈሩ ቴሌቪዥን ያለው ቤት አንድ ወይም ሁለት ነበር። የአባባ ተስፋዬ ሰዓት ሲደርስ እግራችንን ታጥበን፣ ጫማችንን በር ላይ ደርድረን ምንጣፉ ላይ እንኮለኮላለን። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ሰላም ሲሉን ይሰሙናል ብለን ባንድ ድምፅ እንመልስላቸው ነበር። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ብዙዎቻችን እንደ ዘመድ ያዘንነው ለዚህ ነው። የዚያ ቤት እመቤት ቆሎ አቅርባልን፣ ተረቱን ከእኛ ጋር ቁጭ ብላ ታይ ነበር። ሲያልቅም «እንግዲህ ዝንጀሮው ለምን ዋሸ?» ብላ ትጠይቀናለች። እኛም እየተሻማን እንመልሳለን። ያን ጊዜ ተረቱን የወደድነው በቴሌቪዥኑ ምክንያት ይመስለን ነበር። እናት ከሆንን በኋላ ስናስበው ግን ትልቁ ጨዋታ የነበረው የሴትዮዋ ጥያቄ ላይ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንምጣ። ከመካከላችን ስድስት እናቶች ከሰኞ እስከ እሑድ ያለውን ማታችንን በደብተር ለመመዝገብ ተስማማን። ደብተሩን እንደ ገንዘብ መዝገብ አሰመርነው፦ ሰዓት፣ የተሠራው ነገር፣ ለማን። ስንጀምር የሁላችንም ቃል «ጊዜ የለንም» ነበር። ሳምንቱ አልቆ ደብተሮቹን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ግን አፈርን። ቴሌቪዥኑ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እስክንተኛ ክፍት ነው። ከወጥ ቤት ድምፁን እንሰማለን፣ ጭልፋ ይዘን በር ላይ ቆመን ግማሹን እናያለን፣ ማን ማንን እንደ ከዳ ሳንረዳ ክፍሉ ያልቃል። ልጆቹ በሌላ በኩል ስልክ ይዘዋል። አልጋ ላይ ስንወጣ ደግሞ ስልኩ ወደ እኛ ይዞራል፤ አንድ ደቂቃ የማይሞሉ ቪዲዮዎች እያየን አርባና ሃምሳ ደቂቃ ይሄዳል። «ለማን» በሚለው አምድ ላይ «ለእኔ» ብላ የጻፈች ከስድስታችን አንዲት ብቻ ናት። እሷም መጽሐፉ የወደቀባት እህታችን ናት።

በሒሳብ ሥራ «ልዩ ልዩ ወጪ» የሚባል መደብ አለ። ስም ያልወጣለት ወጪ ሁሉ እዚያ ይገባል። ትንሽ ከሆነ ኦዲተሩ ያልፈዋል፤ ሲበዛ ግን «ይህ ምንድን ነው? ይዘርዘር» ይላል። የእኛ ማታ እንዳለ ልዩ ልዩ ወጪ ሆኖ ተገኘ። ጊዜው ወጥቷል፤ ምን እንደተገዛበት ግን አይታወቅም። ስለዚህ ዘርዝረን እንየው አልን፤ ሦስት ነገሮችንም ሞከርን።

የመጀመሪያው ቴሌቪዥን ነው። አንዳንዶቻችን ጨርሶ እንዝጋው ብለን ነበር፤ አላዋጣም። በምትኩ እያንዳንዳችን የምንወደውን አንድ ተከታታይ ድራማ መረጥን። ድራማው ያለበት ማታ እራት ቀደም ብሎ ይቀርባል፣ ሳህኑ እስከ ነገ ይቆያል፣ እናትም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጣ ታያለች። በሌላው ሰዓት ቴሌቪዥኑ ይጠፋል። የሪሞቱ ጉዳይ ትንሽ አጨቃጭቋል። ሆኖም ኳስ ያለበት ቀን የአባወራው ከሆነ፣ ድራማ ያለበት ቀን የእማወራዋ መሆኑን የሚክድ ዳኛ አልተገኘም። እንዲያውም አንደኛው አባወራ «ሴት ነገር» ሲል ከርሞ፣ ሥራ አምሽቶ የመጣ ቀን «ያችን ልጅ ምን አደረጓት?» ብሎ በሩ ላይ ጠይቋል።

ቡና ላይ ያየነው ጥቅም ግን ከዚህ ይበልጣል። ስለ ራሳችን አማት ብናወራ ሐሜት ነው፣ ጠብም ያመጣል። ስለ ድራማው አማት ስናወራ ግን እያንዳንዷ የልቧን ትናገራለች፤ ሌላዋም ሰምታ ትመክራለች፤ የማንም ስም አልተነሣም። ትናንሽ ልጆች ያሉን ደግሞ «ጸሐይ መማር ትወዳለች»ን አብረን ማየት ጀመርን። ቀጭኔዋን ጸሐይን ልጆቹ ያውቋታል፤ ያልለመዱት እናት አጠገባቸው መቀመጧን ነው። ሲያልቅ ያችን የድሮ ሴትዮ ጥያቄ እንጠይቃቸዋለን፦ «እንግዲህ ለምን እንዲህ ሆነ?»

ሁለተኛው ንባብ ነው። በቀን ሃያ ደቂቃ ብለን ተነሣን። የታክሲ ሰልፍ፣ የጤና ጣቢያ ወረፋ፣ የትምህርት ቤት በር ላይ ልጅ መጠበቂያ ሁሉ ተቆጠረ። ከሁሉ የተሻለው ሰዓት ግን ልጆቹ የቤት ሥራ የሚሠሩበት ሆነ፤ እነሱ ደብተራቸውን፣ እኛ መጽሐፋችንን ይዘን ባንድ ጠረጴዛ መቀመጥ። በመጀመሪያው ቀን አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ እናቷን ትክ ብላ አይታ «እማዬ፣ ፈተና አለብሽ?» አለቻት። ሳቅን፤ ቆይተን ግን አሰብንበት። ለዚያች ልጅ መጽሐፍ ማለት ፈተና ማለት ነው። ለደስታ ብሎ የሚያነብ ሰው ቤቷ ውስጥ አይታ አታውቅማ!

ድሮ ያነበብነውን መጽሐፍ እናት ሆነን ስናነበው ሌላ መጽሐፍ ሆኖ አገኘነው። በልጅነታችን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስናነብ ያለቀስነው ለሰብለ ነበር። አሁን እንባችን የመጣው ገና መጀመሪያው ላይ፣ በበዛብህ እናት በውድነሽ በጣሙ ነው። ያለችውን አንድ ልጅ ሞት እንዳይወስድባት ለቤተ ክርስቲያን ተሳለችው፤ ያ ስለት ግን ሲያድግ ሕይወቱን አሰረው። በአሥራ ስድስት ዓመታችን ያንን ገጽ ቶሎ ቶሎ ገልጠን አልፈነው ነበር። አሁን የልጅ ትኩሳት ሲያሳድረን ምን ምን ብለን እንደምንሳል እናውቃለን፤ ስለዚህ እዚያ ገጽ ላይ ቆምን።

ከመካከላችን ማንበብ የማትችል እናትም አለች፤ የአራተኛ ክፍል ልጇ ያነብላታል። አንድ ማታ ልጁ «ሰውየው አለ» የሚለውን አላልቶ አነበበው። እናትየዋ ሽንኩርቷን አቁማ «ምን አለ?» ብላ ጠየቀችው። ልጁ ቀጣዩን ቃል ፈለገ፤ የለም። አራት ነጥብ ነው። «አጥብቀው እንጂ ልጄ! አለ፣ አልሞተም ማለቱ ነው» አለችው። ፊደሉን የሚያውቀው እሱ፣ ታሪኩን የያዘችው እሷ ነበረች። እንዲህ እየተራረሙ ሁለት መጽሐፍ ጨርሰዋል። እሷም ዘንድሮ የጎልማሶች ትምህርት ተመዝግባለች፤ «ልጄ ሳይነግረኝ መጨረሻውን ቀድሜ ማየት እፈልጋለሁ» ትላለች።

ሦስተኛው ፊልም ነው። እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንናገራለን፤ የምንናገረውም እናትየዋም ልጅቷም ፈቅደውልን ነው።

ሴት ልጆች ያሉን አራት እናቶች «ድፍረት» የተባለውን ፊልም ከልጆቻችን ጋር ለማየት ወሰንን። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው ይህ ፊልም በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካው የሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾች ሽልማት አግኝቷል። መነሻው እውነተኛ ጉዳይ ነው። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለጋብቻ ትጠለፋለች፤ ለማምለጥ ስትታገል ጠላፊዋን ትገድላለች፤ በነፍስ ግድያም ትከሰሳለች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራች ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ፣ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት፣ ለልጅቷ የቆሙት ጠበቃ ናቸው። በቀድሞው ሕግ የጠለፈ ሰው ልጅቷን ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበር። ያ ቀዳዳ የተደፈነው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው።

ፊልሙን መጀመሪያ እኛ ብቻችንን አየነው፤ ለየትኞቹ ልጆች እንደሚሆንም ተመካከርን። ከዚያ ከ12 ዓመት በላይ ያሉትን ይዘን ባንዳችን ቤት ተሰበሰብን። የሚከብደው ቦታ ላይ አቆምነው፣ ውኃ ጠጣን፣ ቀጠልን። ሲያልቅ ማንም ምንም አልተናገረም። ልጆቹ ዝም ብለው ወደየቤታቸው ሄዱ፤ እኛም «ምናልባት አልገባቸውም» ተባባልን።

በማግስቱ ማታ ከመካከላችን አንዷ ልጇን ሹሩባ ስትሠራት፣ ልጅቷ ፊቷን ሳታዞር «እማዬ፣ እኔንም አንድ ሰውዬ ይከተለኛል» አለቻት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ይጠብቃታል። እሱን ለመሸሽ በሌላ መንገድ ዞራ ትመጣለች፤ በዚህም የተነሣ በየቀኑ ትዘገያለች። ሁለት ወር ሙሉ «የት ቆየሽ?» እየተባለች ስትገሠጽ ከርማለች። ይህ የእናቷ ጥፋት ብቻ አይደለም። ስትዘገይ አይተን «ልጅሽን ጠብቂያት፣ ዙረት ለምዳለች» ብለን ለእናቷ የነገርን ጎረቤቶች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለን።

እናትየዋ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። እጇን ከፀጉሯ ብታነሣ ልጅቷ ዝም እንደምትል ገባት። ሹሩባውን ሠርታ እስክትጨርስ ሁሉንም ሰማች። በማግስቱ ከአባትየው ጋር ሆነን ትምህርት ቤቱ ዘንድ፣ ከዚያም ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ሰውየው ከዚያ መንገድ ጠፍቷል። እኛ ግን ተራ አውጥተን ልጆቹን መሸኘትና መቀበል ጀመርን፤ ተራው እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።

ስለዚህ ነገር ደጋግመን አስበናል። ልጅቷ ያለችው «እኔንም» ነው። «እኔንም» ለማለት አስቀድሞ የሌላይቱን ታሪክ ማየት ነበረባት። እናቷም ያንኑ ታሪክ አጠገቧ ተቀምጣ እንዳየች ማወቅ ነበረባት። ፊልሙን ብቻዋን በስልክ አይታው ቢሆን ለማን ትነግር ነበር?

«ከራስ አገዝ ማኅበር ጋር ምን ያገናኘዋል?» ላላችሁን መልሳችን ይኸው ነው። ማኅበራችን የተመሠረተው አንዷ ብቻዋን የማትችለውን አብረን እንድንችል ነው። ይህም እንደዚያው ነው። መጽሐፍ ተወድዷል ትላላችሁ፤ እውነት ነው። ለአንዲት እናት ይከብዳል፤ ለሃያ እናት ግን አይከብድም። ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የመጽሐፍ ዕቁብ እንጀምር። በየወሩ ከእያንዳንዳችን ጥቂት ብር ይዋጣ። ዕጣ የወጣላት መጽሐፉን ትምረጥ፣ ቀድማም ታንብበው፤ ከዚያ በተራ ይዙር። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ከገዛን በአንዱ ዋጋ ሁለት የምናገኝበት ጊዜ አለ። ገንዘቡ ከቁጠባችን ጋር አይቀላቀልም፤ የራሱ መዝገብ ይኖረዋል። ማን ወሰደች፣ መቼ ወሰደች፣ መቼ መለሰች የሚለው ይጻፋል። ያዘገየች ለቡናው ስኳር ትቅጣ።

ሁለተኛ፣ በየሳምንቱ ቁጠባው ከተሰበሰበ በኋላ ቡናው እስኪፈላ አንዷ ጮክ ብላ ሃያ ደቂቃ ታንብብልን። ማንበብ የማትችል እህት እንዳትቀር ነው። እጅ ሥራ የያዘች ትሥራ፤ እናቶቻችንም እንዲያ ነበሩ።

ሦስተኛ፣ በወር አንድ ቀን ከልጆቻችን ጋር አንድ ፊልም እንይ። ሁለት እናቶች ቀድመው ይዩትና ለልጆቹ ይሆን አይሆን እንደሆነ ይንገሩን። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋም ልጆቹን ይዘን አራት ኪሎ ወደሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አንድ ቀን እንሂድ። በ2014 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በደጁ በታክሲ ያለፍን ብዙዎች ነን፤ የገባን ግን ጥቂቶች ነን።

ይህን ሁሉ ስንል ከእናት ላይ ሌላ ግዴታ ለመጫን አይደለም። ደክሟት የተኛች እናት ትተኛ፤ እንቅልፍም የራሷ ነው። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መጽሐፍ ይዛ የተቀመጠች እናት ስናይ ከእንግዲህ አንሣቅባት።

መጽሐፉ የወደቀባት እህታችን ለዕቁቡ መጀመሪያ እንዲሆን መጽሐፏን ሰጥታናለች። ከሽሮው ዕቃ ጀርባ ወጥቶ አሁን ከፊታችን ጠረጴዛው ላይ ነው። ሽታው ትንሽ ሽሮ ሽሮ ይላል፤ ገጹ ግን አልጎደለም። መዝገቡ ከጎኑ ነው፤ ቀድማ ማንበብ የምትፈልግ እህት ስብሰባው ሲያበቃ መጥታ ትፈርም።